«ሒሳብ አልችልም» የሚለው ቃል ከየት ይመጣል?

 

ንግግሬን በአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ልጀምር። እናቷ በሰፈራችን ገበያ ዳር ጉሊት ይቸረችራሉ፤ ልጅቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዛቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ጎራ አልኩ። ኪሎው 80 ብር ነበር። ሁለት ኪሎ ከሩብ አስመዝኜ 200 ብር ሰጠኋት። ሽንኩርቱ ከሚዛኑ ወርዶ ፌስታል ውስጥ ሳይገባ 20 ብር መለሰችልኝ። ወረቀት አላነሳችም፣ ስልክም አልነካችም። «እንዴት አሰብሽው?» ብላት፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝና «ሁለቱ ኪሎ 160፣ ሩቧ 20፤ 180 አይደል ቲቸር?» አለችኝ።

ሰኞ ያቺው ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆመች። የዕለቱ ትምህርት ሊኒየር ኢኩዌሽን ነው። ዋይ እኩል ይሆናል 80 ኤክስ ብዬ ጽፌ፣ ኤክስ ሁለት ከአንድ አራተኛ ሲሆን ዋይ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኋት። ልብ በሉ፤ ቅዳሜ ዕለት ከሠራችው ሒሳብ የተለየ ነገር የለውም። እሷ ግን ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። ግንባሯ ላብ አወጣ። ከኋላ ወንበር የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ቲቸር፣ እኔ ሒሳብ አልችልም» አለችኝ።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የልጅ አእምሮ አይደክምም። ታዲያ ያ ቃል ከየት መጣ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በሒሳብ መተማመን ስል ጉራ ማለቴ አይደለም። አንድ ተማሪ አይቶት የማያውቀው ጥያቄ ሲቀርብለት «እስቲ ልሞክረው፣ የሆነ ቦታ መድረሴ አይቀርም» ብሎ እርሳሱን የሚያነሳበት እምነት ማለቴ ነው። ይህ እምነት ከሌለ የሚያውቀውንም አያወጣውም። እምነቱ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ጭብጨባም አይፈጥረውም። የልጅ ልብ እንደ ዳኛ ነው። የቀረበለትን ማስረጃ መርምሮ «እችላለሁ» ወይም «አልችልም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ፍርዱን ልንቃወም እንችላለን፤ መዝገቡ ካልተለወጠ ግን ፍርዱ አይለወጥም። መዝገቡን በየቀኑ የምንጽፈው ደግሞ እኛው ነን።

የጉሊቷ ልጅ ታሪክ በሌላ አገርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ መንገድ ዳር የሚነግዱ አምስት ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ደንበኛ መስለው ቀረቡና ኮኮናት፣ ሐብሐብ እየገዙ ዋጋ አስሰሉ። ልጆቹ ከጥያቄዎቹ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ፣ አንዱ 35 ክሩዜሮ የሚሸጥ ኮኮናት አሥሩ ስንት እንደሆነ ተጠየቀ። እኛ ዜሮ ጨምረን 350 እንል ነበር። እሱ ሦስቱን 105፣ ስድስቱን 210፣ ዘጠኙን 315 እያለ ሄዶ 350 ላይ ደረሰ። ከቀናት በኋላ ያንኑ ሒሳብ በወረቀት፣ በትምህርት ቤት አጻጻፍ ሲያቀርቡላቸው በትክክል የሠሩት ከመቶ 37ቱን ብቻ ነው። ልጆቹ ያው ናቸው፤ ቁጥሩም ያው ነው። የተለወጠው ቦታው ነው። ገበያው የራሳቸው ነው፤ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው።

በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፉ ሰው በራሱ ችሎታ ላይ ያለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረዳ። እነሱም ራሱ ሠርቶ ያየው ውጤት፣ መሰሎቹ ሲሠሩ ማየቱ፣ ሰዎች የሚሉት ቃል እና የገዛ ሰውነቱ ስሜት ናቸው። ከአራቱ የመጀመሪያው ይበረታል። በእኔ የዳኛ ምሳሌ ብናየው፣ የገዛ እጅ ሥራ ዋናው ማስረጃ ነው፤ ሌሎቹ ደጋፊ ናቸው።

እንግዲህ ከዋናው እንጀምር። ሒሳብ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ትምህርት ነው። በታሪክ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ የሚቀጥለውን አንብቦ ሊረዳ ይችላል። ክፍልፋይ ያመለጠው ልጅ ግን አልጀብራ ላይ ይወድቃል፤ አልጀብራ የከበደው ፋንክሽን ላይ ይወድቃል። ክፉው ነገር፣ የወደቀው የት ላይ እንደሆነ ራሱም አለማወቁ ነው። የ11ኛ ክፍል ትምህርት የከበደው ይመስለዋል፤ የጎደለው ግን የ5ኛ ክፍል ትምህርት ነው። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት «አይገባኝም» ካሉኝ ልጆች ከብዙዎቹ ጋር ወደ ኋላ አብረን ስንወርድ አንድ የተሰበረ ደረጃ ላይ እንደርሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ክፍልፋይ ነው፤ አንዳንዴ ነጌቲቭ ቁጥር ነው። የተሰበረው ሲጠገን ከላይ ያለው ራሱ ይቃናል። ያለፈውን ሳይጠግኑ ፖርሽን ለመጨረስ መሮጥ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። በአንዳንዱ ክልል ቀደም ብሎ፣ በሌላው 9ኛ ክፍል ሲገቡ፣ ልጆቻችን ሒሳብን ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ትናንት «ሲቀነስ» ይሉት የነበረው ዛሬ ሌላ ስም አለው። አንድ ልጅ ጥያቄውን በአማርኛ ሳነብለት ወዲያው ይመልሳል፤ ያንኑ በመጽሐፉ ቋንቋ ሲያነበው ይሳሳታል። ይህ ልጅ የወደቀው በቋንቋ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን «ሒሳብ ወደቀ» ተብሎ ነው። በሐሰት ማስረጃ ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ከእናንተ መካከል በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት የምታስታውሱ አላችሁ። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ ይሠራጭ ነበር። ትምህርቱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ ምስሉም ያማረ ነበር። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ይቀጥላል። ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፤ «ይድገሙልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ጎበዙ አብሮ ሮጠ፤ የቀረው በየቀኑ «እኔ ብቻ ነኝ ያልደረስኩበት» እያለ ተቀመጠ። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር፣ መተማመን ጊዜ እንደሚጠይቅ ነው። ልጅ ለማሰብ ጊዜ ካልተሰጠው የራሱን ማስረጃ ሊሠራ አይችልም።

የገዛ እጅ ሥራ ዋናው ማስረጃ ከሆነ በሐሰት ማሞካሸትም አይጠቅምም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር የተሰማንን አስታውሱ። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ትምህርት ድምር ውጤት ነው። ቢሆንም በየክፍሉ ሳያውቅ ሲያልፍ ለቆየ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በካርዱ ላይ 80 እና 85 ሲያይ ኖሮ በአንድ ሳምንት ሁሉ ነገር ተናደበት። ያልተማረውን ተምረሃል ብለን ያሳለፍነው ልጅ ለእኛም ለራሱም እምነት ያጣል። ስለዚህ ልጆቻችንን እውነተኛ በሆነ ትንሽ ስኬት እናሳድጋቸው። ራሱ የፈታት አንዲት ቀላል ጥያቄ፣ ከጓደኛው ከቀዳው 100 ትበልጥበታለች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ መሰልን ማየት። ሴት ተማሪዎቻችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲማሩ ሒሳብ የምታስተምር ሴት ሳያዩ የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ በውጤት ከወንዶች እኩል የሆኑ ሴቶች እንኳ በሒሳብ ያላቸው መተማመን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የጎደላቸው ችሎታ አልነበረም፤ «እንደኔ ያለች ሴት እዚህ ደርሳለች» የሚያሰኝ ምስክር ነው።

እኔ ለሴት ተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለ ማሪያም ሚርዛካኒ ነው። ማሪያም የቴህራን ልጅ ናት። በመካከለኛ ደረጃ ትምህርቷ መጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ላይ ደካማ ነበረች። መምህሯ የተለየ ችሎታ አላየባትም ነበር፤ ይህም ተስፋ አስቆርጧት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በሚቀጥለው ዓመት የሚያበረታታ መምህር ገጠማትና ልቧ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ አገኘች፤ በሁለተኛው አንድ ነጥብ እንኳ አልጎደለባትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየውን የፊልድስ ሜዳሊያ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 በ40 ዓመቷ በካንሰር አጣናት። መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ዓመታት አነጻጽሩልኝ። ልጅቷ ያቺው ናት፤ በመካከሉ የተለወጠው ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው ነው። ያ የመጀመሪያው ዓመት ቢደገም ኖሮ ዓለም ስሟን ላይሰማ ይችል ነበር።

ይህ ወደ ሦስተኛው ይወስደኛል፤ ወደ ቃል። ወላጆች፣ ይህን የምለው በአክብሮት ነው። የአንድ ተማሪዬ አባት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ፈተና ወድቆ ሳነጋግራቸው «ምን ይደረግ የኔ መምህር፣ ሒሳብ በዘራችንም የለ» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። እኒህ ሰው ግን በየዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ የሚያወጡ ናቸው። የባሕረ ሐሳብን ስሌት ቀርባችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ላይ 2016 ሲደመር 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 11 ይተርፋል። ከትራፊው አንዱ ለዘመን ይቀነስና 10 ይቀራል፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110 ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 20 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 190 ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 10 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላት አለባቸው፤ ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

ይህ በዩኒቨርሲቲ ሞጁላር አሪትሜቲክ ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት ነው። አባትየው ይህን ያለ ወረቀት ይሠሩታል። ሒሳብ ይችላሉ፤ የሚችሉትን ነገር «ሒሳብ» ብሎ የጠራላቸው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ልጁን አጠገባቸው አስቀምጬ «እስቲ የዘንድሮውን አውጡልን» አልኳቸው። አወጡት። ልጁ አባቱን በአዲስ ዓይን ሲያይ አየሁ። በዘራችን የለም የተባለው ነገር ቤታቸው ውስጥ፣ ከአባቱ ምላስ ላይ ተገኘ።

ወላጆች ሆይ፣ «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር» ስትሉ ልጃችሁን ለማጽናናት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ እንደ ውርስ፣ እንደ ዘር እጣ አድርጎ ይወስደዋል። በምትኩ «የገባህን ያህል አስረዳኝ» በሉት። ለእናቱ ሒሳብ ያስረዳ ልጅ ራሱ የበለጠ ያውቀዋል። ደግሞም ከጎረቤት ልጅ ጋር አታነጻጽሩት። አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ነው፤ ሒሳብ የሚችለው ግን አንድ ልጅ ብቻ መሆን የለበትም። በልዩ ትምህርት ቤት ተመርጠው የገቡ ጎበዞች እንኳ፣ ከጎበዞች መሐል 30ኛ ሲወጡ ሰነፍ የሆኑ ይመስላቸዋል። እውቀታቸው ሳይቀንስ፣ ካርዱ ላይ ያለው ደረጃ ብቻ ልባቸውን ይሰብረዋል።

አራተኛው የሰውነት ስሜት ነው። ልጅ ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል። በዚያው ፒሳ በተባለው ምዘና በአብዛኛው ሀብታም ከሆኑት የኦኢሲዲ አባል አገራት ተማሪዎች መካከል 59 በመቶ የሚሆኑት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይከብደኛል ብለው ብዙ ጊዜ እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። ስለዚህ ፍርሃቱ የድሃ አገር ልጅ ብቻ አይደለም። ጉዳቱ እንዲህ ነው። ስንደምር «5 ጽፌ 1 በእጄ» እንላለን። ያቺን በእጃችን ያለችውን አንድ የምንይዝባት በአእምሯችን ውስጥ ጠባብ ቦታ አለች። ፍርሃት ሲገባ ያንን ቦታ ይይዘዋል። «ይስቁብኛል፣ ልወድቅ ነው» የሚለው ሐሳብ ቁጥሯን ገፍቶ ያስጥላታል። የጉሊቷ ልጅ ሰኞ ዕለት የጠፋባት ሒሳቡ አልነበረም፤ ሒሳቡን የምትይዝበትን ቦታ ሳቁ ወስዶባት ነበር።

ባልደረቦቼ፣ 60 እና 70 ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ማስተማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚያው ስለሆንኩ። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች በእጃችን አሉ። ጥያቄ ጠይቀን ቀድሞ ያወጣውን እጅ ከመጥራታችን በፊት ዝም ብለን እስከ አሥር እንቁጠር። ትክክል የመለሰውንም የተሳሳተውንም እኩል «እንዴት ደረስክበት?» እንበል፤ ያኔ ጥያቄው የውርደት ምልክት መሆኑ ይቀራል። ስሕተትን ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ የማን እንደሆነ ሳንናገር፣ «ይህ ሰው እስከ የት ድረስ ልክ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። በሰው ስሕተት መሳቅን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እንከልክል።

ተማሪዎች፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። ጥያቄ ሲከብዳችሁ ወዲያው የአጋዥ መጽሐፉን መልስ አትግለጡ። ሠርቶ ያልጨረሰ ሰው መልሱን ሲያይ ይገባዋል፤ ሳይሞክር ያየ ግን የገባው ይመስለዋል። አንድ ደብተር ለስሕተቶቻችሁ ብቻ ያዙ። ከወር በኋላ ገልጣችሁ «ይህ ያኔ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ቀለለኝ» ስትሉ፣ በገዛ እጃችሁ የተጻፈ ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው። ያንን ማንም አይነጥቃችሁም።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ማክሰኞ ሰሌዳውን አጥፍቼ «ሽንኩርት፣ ኪሎው 80 ብር» ብዬ ጻፍኩ። «እስቲ አንቺ አስተምሪን» አልኳት። ፈራ ተባ እያለች መጣች። 1 ኪሎ 80፣ 2 ኪሎ 160፣ 2 ከሩብ 180፣ 3 ኪሎ 240 ብላ በሠንጠረዥ ደረደረችው። «ኪሎውን ኤክስ፣ ዋጋውን ዋይ ብንለውስ?» አልኳት። ትንሽ ቆማ ዋይ እኩል ይሆናል 80 ኤክስ ብላ ጻፈች። «ተሸካሚ 30 ብር ቢያስከፍልስ?» 30 ደመረችበት። ተአምር አልሆነም። ከ20 የሚያዝ ኩዊዝ ላይ 4 ታመጣ የነበረችው ልጅ በሚቀጥለው 11 አመጣች። ለእሷ ግን 11ዱ የራሷ ነበሩ።

እኔን ያስደነቀኝ ውጤቱ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳልጠራት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሌላ ነጋዴ ኪሎውን በ75 ቢሸጥና የእሱ ተሸካሚ ግን 50 ቢያስከፍልስ? ከየትኛው ብገዛ ይሻለኛል?» አለችኝ። ያ ጥያቄ ገና ያላስተማርኩት የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ሁለቱን እኩልታዎች ሰሌዳ ላይ ጻፍንና አብረን ፈታነው። 4 ኪሎ ላይ ሁለቱም 350 ብር ይሆናሉ፤ ከዚያ በታች ለሚገዛ የመጀመሪያው፣ ከዚያ በላይ ለሚገዛ ሁለተኛው ይሻላል። ዞር ብዬ ወደ ኋላ ወንበር አየሁ። ያን ሰኞ ሳቁ ከመጣበት ቦታ የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው የእሷን ጥያቄ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡ ነበር።